የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሠራተኛ ጤና በጎንደር

ጎንደር ውስጥ ለዓመታት የተመላለስሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው በአንዲት ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሷ ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ስትወጣ ቁልፉም አብሯት ይወጣል። እዚያ የሚሠሩ ሴቶች ለችግሩ የራሳቸውን መላ አበጅተዋል፤ ጧት ከቤት ሲወጡ ውኃ አይጠጡም፣ ቢሮ ውስጥም ሳይጠጡ ይውላሉ። ከመካከላቸው አንዷ የኩላሊት ጠጠር ተገኝቶባት ሐኪሙ ውኃ አብዝታ እንድትጠጣ ሲያዝዛት ወዲያው ያሰበችው ስለ ቁልፉ እንደነበር አጫውታኛለች።

ይኸው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ለእሑድ ጧት ማስ ስፖርት ይጠራል። ቲሸርት ይታደላል፣ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፣ አሠልጣኝ ይመጣል፣ ኃላፊዎች ከፊት ሆነው ይሮጣሉ። እንዲህ ያለውን እሑድ እወደዋለሁ። ጡረታ የቀረባቸው ሰዎች ከወጣቶች ጋር ተሰልፈው እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ማየት ደስ ያሰኛል። ሰኞ ጧት ግን ቁልፉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ስለዚያ ሰኞ ነው።

መንግሥት የራሱን ሠራተኞች ጤና በመጠበቅ ለሌሎች አሠሪዎች ምሳሌ ይሁን የሚለው ሐሳብ በብዙ አገሮች የቆየ ነው። ለጎንደር ደግሞ በተለይ ይስማማል። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ፍርድ ቤቶቹ፣ የከተማና የዞን መምሪያዎቹ፣ ክፍለ ከተሞቹ ሁሉ የመንግሥት ናቸው። የግል ባለሀብቱም ሠራተኛ ስለማስተዳደር ከሚያውቀው ብዙውን የቀዳው ከእነዚሁ ነው፤ የሰዓት መፈረሚያ መዝገቡን፣ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አጻጻፍ ሳይቀር። አንድ የሆቴል ባለቤት ስለ ሠራተኞቹ ማረፊያ ክፍል ሲጠየቅ «መንግሥት መቼ አደረገው?» ብሎ ሲመልስ ሰምቼ አውቃለሁ። መልሱ ማምለጫ ቢሆንም ባዶ አይደለም።

መንግሥት ከቀደመ የግሉ ዘርፍ እንደሚከተል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ከራሳችን ሕግ ማምጣት ይቻላል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለመንግሥት ሠራተኛ እናቶች ፈቃዱን 120 ቀን አደረሰው፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያንኑ 120 ቀን ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ሰጠ። መንግሥት መጀመሪያ በራሱ ቤት አደረገው፤ ከዚያ የሁሉም ግዴታ ሆነ። እዚያ ላይ ሰልፍም ቲሸርትም አላስፈለገም። እናትየው አራት ወር ቤቷ ትቀመጣለች፣ ደመወዟ አይቋረጥም፣ ሕፃኑ ጡት ይጠባል። የሠራተኛ ጤና ፕሮግራም ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጎንደር ሌላም የምትጠቅሰው ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒተሪያን። ሦስቱ ወደ ገጠር የሚላኩት እንደ አንድ ቡድን ነው። መኮንኑ በሽተኛውን ይመረምራል፣ ነርሷ ወደ እናቶችና ሕፃናት ትሄዳለች፣ ሳኒተሪያኑ ምንጩን፣ ጉድጓዱን፣ መጸዳጃውን ይመለከታል። ሰውን ብቻውን ማከም እንደማይበቃና የሚኖርበትንም ቦታ አብሮ ማከም እንደሚያስፈልግ ያወቁ ሰዎች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበር።

ወባ ራሷ የሥራ ቦታ በሽታ መሆኗን ልብ ይሏል። ክረምቱ ወጥቶ ትንኟ የምትበዛበት ወቅት እህሉ የሚደርስበትና አዝመራው የሚሰበሰብበት ነው። ከጣና ዳርቻ ባሉት ሜዳዎች ገበሬው የሚታመመው ሥራው እጅግ በሚፈልገው ሰዓት ነበር። ለዚያ ገበሬ «ጠንክር፣ ራስህን ጠብቅ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ውኃ የሚቋጥረው ረግረግ መጥፋቱ ነው። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎ፣ የዚያው ኮሌጅ ልጆች በሞሉበት ከተማ፣ ስለ ሠራተኛ ጤና ስናወራ መኮንኑን አስታውሰን ሳኒተሪያኑን የረሳን ይመስለኛል።

በቅርብ ዓመታት በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የጤና መድህን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። ስለዚህ የሕክምና ሒሳብ ሲንር አሠሪዎች ሠራተኛውን ጤናማ የሚያደርግ ፕሮግራም ወደመግዛት ዞሩ፤ የጤና ምርመራ፣ የእግር ጉዞ ውድድር፣ ክብደት የመቀነስ ትምህርት፣ ለተሳተፈ ሰው ሽልማት። ፕሮግራሞቹ ትርፋማ ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆየ። በኋላ ነገሩን እንደ መድኃኒት ሙከራ በዕጣ የፈተኑት ተመራማሪዎች መጡ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች በዕጣ ተከፍለው ለአብዛኞቹ ፕሮግራሙ ቀረበላቸው፣ ለቀሩት አልቀረበላቸውም። በሕክምና ወጪም፣ ከሥራ በመቅረትም፣ ወደ ስፖርት ቤት በመሄድም በሁለቱ መካከል የሚጠቀስ ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት በ160 መደብሮቹ የሚያሠራቸውን ወደ 33 ሺህ ሠራተኞች አካትቶ ነበር። ከ18 ወር በኋላ ፕሮግራሙን ካገኙት መካከል ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ የሚሉት በርከት አሉ፤ የደም ግፊታቸው፣ የኮሌስትሮላቸውና የሕክምና ወጪያቸው ግን ካላገኙት አልተለየም።

የኢሊኖዩ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ፤ ለእኛ የሚበልጠው ይህ ነው። በፕሮግራሙ በፈቃዳቸው የሚሳተፉት ከመጀመሪያውም ጤናማ የነበሩት፣ የሕክምና ወጪያቸው አነስተኛ የነበረው ናቸው። ቀደም ሲል ፕሮግራሞቹ ውጤታማ የመሰሉት ተሳታፊውን ካልተሳተፈው ጋር ስላነጻጸሩ ነበር። ሯጩን ከማይሮጠው ጋር አቁሞ ስፖርቱ ሠራ ማለት ነው።

ይህን ይዘን ወደ እሑዳችን እንመለስ። ጎንደር ላይ እሑድ ጧት ማን ይመጣል? እሑድ ጧት የቅዳሴ ሰዓት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው የጥበቃ ሠራተኛ ሊተኛ ቤቱ ገብቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ የሳምንቱ ልብስ ይጠብቃታል፤ ጎረቤት ውኃ መጥቶ እንደሆነም ትጠይቃለች፤ ምክንያቱም ጎንደር ውስጥ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም። አዘዞ የሚኖረው ጸሐፊ ወደ መሀል ከተማ ለመምጣት ትራንስፖርት መክፈል አለበት። የሚመጡት ቅርብ የሚኖሩት፣ ጊዜ ያላቸው፣ ቀድሞም የሚንቀሳቀሱት ናቸው። ለእነሱ መልካም ነው። ስኳርና ደም ግፊት እያደባ ያለበት ሠራተኛ ግን እዚያ የለም።

ማስ ስፖርት ይቅር አላልሁም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ «መንገድ ለሰው» በሚል አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ላይ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝብ ሲራመድባቸው አገር ደስ ብሎት ነበር። አስፋልት ላይ የሚጫወቱ ልጆች ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ለከተማ ኑሮ እንዲህ ያለ ቀን ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት የጤና ፕሮግራም ነው ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላውን ሥራ ይሸፍናል፤ ኃላፊው «ሠርተናል» ብሎ እንዲያርፍ ያደርገዋል።

ከጃፓን የወሰድነውንና የተውነውን ማየትም ይጠቅማል። ካይዘን የሚባለውን ሥራን በየጊዜው የማሻሻያ ዘዴ ወስደናል። የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ አምስቱ ማዎች በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ዕቃ ማጣራት፣ በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን ተምረናል። ጃፓን ውስጥ ግን ከካይዘን ጎን ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ አሠሪው ሠራተኛውን በየዓመቱ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች ወገባቸው ሳይቀር እየተለካ፣ አደጋ ያለባቸው ምክር እንዲያገኙ ይደረጋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሠራተኞቹን የአእምሮ ጫና በየዓመቱ የመለካት ግዴታ አለበት። በዚህኛው ሕግ የማደንቀው አንድ ነጥብ አለ፤ ውጤቱ የሚሰጠው ለሠራተኛው ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አሠሪው አያየውም።

የጃፓኑ ወገብ ልኬት ተአምር እንዳልሠራም መናገር ተገቢ ነው። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ምክሩን ያገኙ ወንዶች ክብደታቸው በጥቂቱ ብቻ እንደቀነሰ፣ ለልብ ሕመም የሚዳርጓቸው ምልክቶች ግን እንዳልተሻሻሉ አሳይቷል። ምርመራ በሽታን ያገኛል፤ ሕይወትን የሚለውጠው ከምርመራው በኋላ ያለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ጥናት ለንደን ውስጥ የሚሠሩ ወደ 18 ሺህ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። ዋይትሆል ይባላል፤ በመሥሪያ ቤቶቹ መንገድ የተሰየመ ነው። ሁሉም ደመወዝተኛ ናቸው፤ ሁሉም ቢሮ ይውላሉ፤ ሕክምናም ለሁሉም ነጻ ነው። ቢሆንም በዝቅተኛው የሥራ መደብ ያሉት በልብ ሕመም የሚሞቱት ከከፍተኛዎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማጨስና ደም ግፊት ከሒሳቡ ሲወጡም ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ማይክል ማርሞት የመራው ሁለተኛው ጥናት በ1985 ተጀምሮ ከ10 ሺህ በላይ ወንዶችንና ሴቶችን ሲከታተል አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ሥራው ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው፣ መቼ ምን እንደሚሠራ ራሱ የማይወስን ሠራተኛ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር የማውቃቸው ሰዎች ይታዩኛል። የጎንደር የመንግሥት ሠራተኛ ጧት ሲገባ ያቀደውን ሥራ ማታ ሲወጣ ጨርሶት ማየት ብርቁ ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ «አስቸኳይ ስብሰባ» ይባላል፤ ስብሰባው ምሳ ሰዓቱን ይበላዋል። ሪፖርት ለዛሬ ይፈለጋል፤ ለምን እንደሚፈለግ አይነገርም። መምህሩ በዕረፍት ቀኑ ለዘመቻ ሥራ ይጠራል። ተገልጋዩ ቆጣሪው ፊት ይቆጣል፤ ሠራተኛው መልስ የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ «ኃላፊው የለም» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ይህን የሚለው ሰው ደም ሥሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ዋይትሆል ይነግረናል።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ሰሜን ጎንደርን ያዳረሰው የ2013ና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሳይረሳ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ቀጥሏል። ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ያደረ ሰው ጧት ሰዓት ፈርሞ ይገባል። ወንድሙ ወይም እናቱ ያሉበት ወረዳ ስልክ ያልሠራለት ሠራተኛ ከተገልጋይ ጋር ይነጋገራል። ጨጓራዬን ይላል፣ ራሴን ይላል፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል፤ ጭንቀት ነው ብሎ ስሙን አይጠራውም። ጎንደር ላይ ስለ ሠራተኛ ጤና የሚያወራ ማንኛውም ዕቅድ ይህን ዘሎ ሊያልፍ አይገባም። ኃላፊው ሰውየውን ጧት ጠርቶ «ቤተሰብ እንዴት አደረ?» ብሎ መጠየቁ፣ ለሐዘን ፈቃድ የሦስት ሰው ፊርማ አለመጠየቁ፣ ለጥቂት ሳምንታት ቀለል ያለ ሥራ መስጠቱ ገንዘብ አይጠይቅም።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ደግሞ ቀደም ሲል ራሳችን ያደረግነውን አስታውሰዋለሁ። ኤችአይቪ አገር በሚፈጅበት ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቦታ ፕሮግራም ነበራቸው። ከበጀታቸው እስከ 2 በመቶ ለዚሁ እንዲመድቡ ይጠበቅ ነበር፤ ተጠሪ ሰው ይሰየማል፣ ሠራተኛው ቡና እየጠጣ ይወያያል፣ ምርመራ ወደ ቢሮው ይመጣል፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይፈናቀል ሕግ ይጠብቀዋል። በየቢሮው እኩል አልሠራም፤ አንዳንዱ ዘንድ በወረቀት ብቻ ቀርቷል። ሆኖም መንግሥት በራሱ ቤት ስለ ሠራተኛው ደም ግልጽ ንግግር የጀመረበት ጊዜ ነበር፤ የግል ድርጅቶችም ተከትለውታል። ያ ልምድ አለን። የሚያሳዝነው፣ ስለ አንድ በሽታ የተሠራው አደረጃጀት ወደ ሌሎቹ ሳይሸጋገር መቅረቱ ነው።

ሌላው ትዝታ ያለፍንበት የኮቪድ ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ሮቶና ሳሙና ተቀመጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ! ለስንት ዓመት «በጀት የለም» ሲባልለት የኖረ ነገር ነበር። ከዚያ ውኃው ደረቀ፣ ቧንቧው ተሰበረ፣ ሮቶው ወደ ግቢው ጥግ ተገፋ። በቦታው ላይ ማን እንደሚሞላው የተጻፈ አልነበረም። በማንም የሥራ መዘርዝር ውስጥ ያልገባ ነገር የዘመቻው ሰሞን ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ታዲያ አንድ የጎንደር መሥሪያ ቤት ከምን ይጀምር? እኔ ብጠየቅ ከውኃ፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከደም ግፊት መለኪያ እላለሁ።

ስለ ውኃውና ስለ መጸዳጃው ብዙ ብያለሁ። አንድ ልጨምር፤ ለሴት ሠራተኞች የተለየ፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ቆሻሻ መጣያ ያለው መጸዳጃ ከሌለ በወር አበባዋ ሰሞን ከሥራ የምትቀር ሠራተኛ ትኖራለች። ለዚያ ቀን የምትሰጠው ምክንያት ሌላ ይሆናል፤ መዝገቡም ሌላ ነገር ይጽፋል።

የደም ግፊት ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ቅኝት ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ ሠላሳ ሰው ባለበት ቢሮ አምስት ሰው። ደም ግፊት አያምም፤ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ድካም ሆኖ እስኪመጣ ድረስ ባለቤቱ አያውቀውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ የምታንኳኳው ግን የቤት በር ነው፤ ደመወዝተኛው ቀን ቀን ቤት የለም። ጤና ጣቢያ የሚከፈተውም እሱ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስለው፣ አርባን ያለፈው ሠራተኛ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ይቀራል። መለኪያው በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። በሦስት ወር አንዴ ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ባለሙያ መጥታ አንድ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ብትለካ፣ ከፍ ያለበትን ሰው ቀጠሮ አስይዛ ብትሄድ ይበቃል። ጎንደር ነርስና የጤና መኮንን የሚማርባት ከተማ ናት፤ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የሚወጡበት ቦታ ውስጥ መሥሪያ ቤቶችን ማካተትም ይቻላል።

በሩ ይዘጋ ያልሁት በምክንያት ነው። ሠራተኛው ሕመሙ ከታወቀ ከመደቡ እንዳይነሣ፣ ዕድገት እንዳያልፈው ይፈራል። ውጤቱ በሰው ሀብት መዝገብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሚለካ ሰው አይገኝም። እንደ ጃፓኑ የጫና ምርመራ ወረቀቱ በሠራተኛው እጅ መቅረት አለበት።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ የሚለየን ነገር አለ። እዚያ አሠሪው ሠራተኛውን ጤናማ የሚያደርገው የመድህን ሒሳቡ እንዲቀንስለት ነው። እኛ ዘንድ የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን ተግባራዊነቱ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመም ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ ካልበቃው ከዕቁቡ፣ ከዘመዱ፣ ጓደኞቹ ቢሮ ውስጥ ከሚያዞሩት ወረቀት። ያቺን ስም እየተጻፈ ብር የሚዋጣባትን ወረቀት የማያውቅ ሠራተኛ የለም። መሥሪያ ቤቱ በሠራተኛው መታመም ቀጥተኛ ወጪ ስለማያይ «ያዋጣል» የሚለው ክርክር አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሠራተኛ ጤና በትርፍ ሒሳብ ሊቆም አይችልም፤ ግዴታ ሆኖ፣ መብት ሆኖ ነው መቆም ያለበት። ይህ ድክመት አይመስለኝም። የወሊድ ፈቃዱም የቆመው እንደዚያ ነው፤ እንዲያተርፍ የጠየቀው የለም።

ከመሥሪያ ቤት ግቢ ውጭ ያለውስ? የጎንደር ሠራተኛ ሁሉ ወንበር ላይ አይቀመጥም። የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃ ፊት የምትቆመው፣ ፎቅ ላይ አሸዋ የምታወጣው፣ ባጃጅ የሚያሽከረክረው አሉ። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። የባጃጅ ሾፌራችን እንደ ለንደኑ ሾፌር ተቀምጦ ይውላል፤ የሚለየው ኮረኮንቹ ወገቡን ስለሚያርሰውና የሥራ ቀኑ ከስምንት ሰዓት ርዝመት ስለሚያልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይበልጣል። ለእነዚህ ሰዎች መንግሥት በምሳሌነት ብቻ አይደርስላቸውም። ሕግ አለ፤ አዋጅ 1156 ሥራን በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ ነጻ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አዋጅ 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል። አሠሪ ለሌለው የባጃጅ ሾፌር ግን የትኛው አዋጅ ይደርሰዋል? ለእሱ ተራ መያዣው አጠገብ ጥላና መጸዳጃ ቢሠራለት ከአዋጅ ይበልጥበታል።

ለግንባታ ሠራተኞች ግን መንግሥት ጠንካራ መሣሪያ በእጁ አለ፤ ጨረታው ነው። በጎንደር መንገድ የሚሠራው፣ ትምህርት ቤት የሚገነባው ተቋራጭ ገንዘቡን የሚቀበለው ከመንግሥት ነው። በውሉ ውስጥ «በግንባታው ቦታ የሚጠጣ ውኃ፣ የወንድና የሴት መጸዳጃ፣ የራስ ቁርና የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ ይኖራል፤ ካልተሟላ ክፍያ አይለቀቅም» የሚል አንቀጽ ገብቶ መሐንዲሱ ሲሚንቶውን ሲቆጣጠር ያንንም ቢቆጣጠር በከተማዋ ያለው የቀን ሠራተኛ ሕይወት በአንድ በጋ ይለወጣል። ሲሚንቶ የምታቦካ ሴት ልጇን የት እንደምታስቀምጥ ጠይቄ አውቃለሁ። ከአሸዋው ክምር ጎን፣ ጃንጥላ ሥር ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አዘጋጅተው ያቀርባሉ። በዘንድሮው ዕቅድ ላይ ለማስ ስፖርት ቲሸርት የተያዘ መስመር ካለ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ይጨመር፤ የውኃ ሮቶና የሚሞላው ሰው፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል አንድ አንድ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ። ቁልፍ ማስቀረጽ ፒያሳ ላይ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።